ከሲያትል የሚነሳው ክሩዝ ስካግዌይ ሲቆም፦ ቀኑን እንዴት እንጠቀምበት?

ስካግዌይ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ሊን ካናል የተባለው ጠባብና እጅግ ጥልቅ የባሕር ሰርጥ በሚያልቅበት ቦታ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ወደ 1,200 ሰው ብቻ ነው። በበጋ ግን ትልልቅ መርከቦች ተደርድረው ሲቆሙባት በአንድ ጠዋት ከ10 ሺህ በላይ እንግዳ የሚወርድባት ቀን አለ። ያ ሁሉ ሰው የሚሄደው ወደ አንድ መንገድ፣ ብሮድዌይ ወደሚባለው የሱቅ መደዳ ነው፤ ብዙው እዚያው ውሎ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ መንገድ በ20 ደቂቃ እግር ርቀት ላይ ያለው አገር በሰሜን አሜሪካ ከሚታዩት ሁሉ የሚደነቅ ነው።

ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ስለሆኑ ይህ ጉዞ ለብዙዎቻችን ከደጃፍ የሚነሳ ነው። እናትና አባትን፣ ልጆችን ይዞ ለመሄድም ይመቻል። ምክሬ አጭር ነው፦ ለስካግዌይ አንድ ዋና ነገር ብቻ ምረጡ፣ የቀረውን በእግራችሁ እዩት፣ ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲገባ እናንተ ከከተማ ውጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀት፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

መርከቡ ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ ሲያትል ስለሚመለስ ከአሜሪካ የማትወጡ ይመስላችሁ ይሆናል። ትወጣላችሁ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውጭ አገር የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ የግድ በአንድ የካናዳ ወደብ፣ ብዙ ጊዜ በቪክቶሪያ፣ ለጥቂት ሰዓት ይቆማሉ። ከክፍላችሁ ባትወጡም እንኳ ካናዳ እንደገባችሁ ይቆጠራል።

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርቱን ይያዝ። ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል ለሚመለስ መርከብ የልደት ወይም የዜግነት ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ይበቃል፤ ነገር ግን መርከቡ ቢያመልጣችሁ ወይም ታማችሁ ከካናዳ በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ፓስፖርት የሌለው ሰው ይቸገራል።

ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይረሳዋል። ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩ፤ ካለፈበት እድሳቱን ከጉዞው ወራት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ወላጆች ከሆኑ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ ቪዛቸውም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ውሳኔ ያላገኘ ደግሞ ጠበቃ ሳያማክሩ ትኬት እንዳይቆርጡ አጥብቄ እለምናለሁ። የቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ ሳይይዙ ከአሜሪካ መውጣት ማመልከቻውን እንደ መተው ሊያስቆጥር ይችላል። ለአንድ ሳምንት ሽርሽር የዓመታት ልፋት መና አይቅር።

ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ ፓይነር ስኩዌር

ሲያትል የምትኖሩ ይህን አትለፉት። የስካግዌይ ታሪክ የተጀመረው እናንተ ከተማ ነው። ኦገስት 1896 በካናዳ ዩኮን፣ በክሎንዳይክ ወንዝ አቅራቢያ ባለ ጅረት ወርቅ ተገኘ። ጁላይ 17 ቀን 1897 ፖርትላንድ የተባለች መርከብ ያንን ወርቅ ከነባለቤቶቹ ጭና ሲያትል ደረሰች፤ በሣምንታት ውስጥም ሥራውን ጥሎ፣ ቤቱን ሸጦ ወደ ሰሜን የሚጎርፈው ሰው ወደቡን ሞላው። ወደ 100 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ጉዞ እንደጀመረ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከመርከብ ወርደው ወደ ተራራው የሚያቀኑት በስካግዌይ በኩል ነበር። የሲያትል ነጋዴዎች ለእነዚህ ሰዎች ስንቅና ዕቃ በመሸጥ ከተማቸውን አሳደጉ።

የክሎንዳይክ ወርቅ ፍለጋ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አንዱ ቅርንጫፍ ፓይነር ስኩዌር ውስጥ አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ አንድ ሰዓት እዚያ ካሳለፋችሁ ስካግዌይ ስትደርሱ የምታዩት እንጨት ቤት፣ መቃብርና የተራራ መንገድ ሁሉ ትርጉም ይኖረዋል። ካናዳ ድንበር ላይ የነበረው ፖሊስ የአንድ ዓመት ስንቅ ያልያዘን ሰው አያሳልፍም ነበር፤ ምግቡና ዕቃው ተደምሮ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል። ያንን በጀርባው ጥቂት ጥቂት እየከፈለ፣ ወጥቶ እየወረደ፣ ያንኑ ዳገት ደጋግሞ የወጣውን ሰው በልቡናችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አንዱን ዋና ነገር መምረጥ

መርከቡ በስካግዌይ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ይቆማል፤ ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ጉዞ ለማጨናነቅ አትሞክሩ። ሦስት አማራጭ አለ፦ ባቡር፣ መኪና፣ ወይም እግር።

ወላጆች አብረዋችሁ ካሉ ሳታመነቱ ባቡሩን ምረጡ። የኋይት ፓስና ዩኮን ባቡር ግንባታ በ1898 ተጀመረ፤ በፌብሩዋሪ 1899 የተራራው ጫፍ ደረሰ፣ በጁላይ 1900 ካናዳ ውስጥ እስካለችው ኋይትሆርስ ድረስ ተገጣጠመ። በአዋቂዎቻችን አፍ ታሪኩ የሚዘልቀው የጅቡቲና የድሬዳዋ ባቡርም በዚያው ዘመን፣ በ1897 ነው ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው። ሁለቱም ጠባብ ሐዲድ ናቸው፤ የኛው 1 ሜትር ስፋት ሲኖረው ይህኛው 91 ሴንቲሜትር ግድም ነው። ሐዲዱ የጠበበው በገደል ጠርዝ ላይ ጠባብ መንገድ መፈልፈል ስለሚቀልና ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ስለሚያስችል ነው። በድሬዳዋ ባቡር የተጓዙ አባት ካሏችሁ ይህን ንገሯቸውና ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ከአስጎብኚው የበለጠ ወሬ ታገኛላችሁ።

የተለመደው ጉዞ ጫፍ ደርሶ የሚመለሰው ነው። ደርሶ መልስ 40 ማይል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ጫፉ ከባሕር ጠለል 873 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ ምንም አይደለም፣ ወላጆች ትንፋሽ ያጥረናል ብለው አይስጉ። የሚያስደንቀው ከባሕሩ ዳር ተነስቶ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ያህል መውጣቱ ነው። በዚህ ጉዞ ከባቡር ስለማይወረድ ፓስፖርት አይጠየቅም። እስከ ፍሬዘር ወይም ካርክሮስ የሚዘልቁት ግን ካናዳ ስለሚገቡ ሰነድ ይጠይቃሉ፤ ያለ ፓስፖርት ወደ እነዚያ የሄደ ሰው ከጉዞው ይቀራል።

ስትሳፈሩ ከስካግዌይ ሲወጣ በግራ በኩል ተቀመጡ። ሸለቆው፣ ፏፏቴዎቹና ወደ ኋላ የሚታየው ባሕር በዚያ በኩል ናቸው። ጫፉ ላይ ባቡሩ ሲዞር የወንበሩ መደገፊያ ይገለበጥና መንገደኛው ከማዶ ካለው ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በመመለሻ ቅር አትሰኙ። በየፉርጎው ጫፍ የምትቆሙበት ክፍት በረንዳ አለ፤ ፎቶ ከመስታወት ውስጥ ከማንሳት እዚያ ወጥቶ ማንሳት ይሻላል። ነፋሱ ይቆርጣልና ለእናቶች ጋቢ ያዙላቸው፤ በጁላይም ቢሆን። በዊልቸር ለሚሄዱ ማንሻ ያላቸው ፉርጎዎች አሉ፤ ቦታ ስታስይዙ ቀድማችሁ መናገር ያስፈልጋል።

ሦስት ነገር እንዳያመልጣችሁ። አንደኛው ጥቁሩ መስቀል ያለበት ቋጥኝ ነው፤ በኦገስት 1898 ድንጋዩ ሲፈነዳ 100 ቶን የሚመዝን ቋጥኝ ወርዶ ሁለት ሠራተኞች ከሥሩ ቀሩ፤ መቃብራቸውም እሱ ሆነ። ሁለተኛው በ1901 የተሠራው፣ አሁን ባቡር የማይሄድበት የብረት ድልድይ ነው። ሦስተኛው የሞቱ ፈረሶች ሸለቆ የሚባለው ነው። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በዚያ መንገድ ጭነት ሲያመላልሱ ወደ 3,000 የሚሆኑ የጋማ ከብቶች በረሃብ፣ በመውደቅና በልክ ያለፈ ጭነት አልቀዋል። አስጎብኚው በድምጽ ማጉያ ፈጠን ብሎ ያልፈዋል፤ እናንተ ግን ቀና ብላችሁ በማዶ ያለችውን ቀጭን የእግር መንገድ ፈልጉ፤ እስካሁን ትታያለች።

ትኬቱን በመርከቡ በኩል ወይም ከባቡር ድርጅቱ በቀጥታ መግዛት ይቻላል። ዋጋውን አስተያዩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በመርከቡ በኩል ግዙ፤ ባቡሩ ቢዘገይ መርከቡ በራሱ በኩል የሄዱትን ይጠብቃልና። በራሳችሁ ከገዛችሁ የጠዋቱን ባቡር ያዙ። ጠዋት መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፦ ስትመለሱ ብዙው ሰው ለምሳ ወደ መርከቡ ስለሚሄድ ከተማው ቀለል ብሎ ታገኙታላችሁ።

መኪና መከራየት ለወጣቶች ቡድን ጥሩ ነው። በክሎንዳይክ አውራ ጎዳና ካናዳ ገብታችሁ እስከ ካርክሮስና ኤመራልድ ሐይቅ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ፤ የፈለጋችሁበት ቆማችሁ ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። የሁሉም ሰው ሰነድ ሙሉ መሆን አለበት፤ ለድንበሩ ወረፋም ትርፍ ሰዓት ያዙ።

እግር ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በዋዜማው ማታ

ሰዓታችሁን አስተካክሉ። አላስካ ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መርከቡ ሰዓቱን ሲቀይር ያስታውቃል፤ ስልካችሁ ግን በራሱ ላይቀየር ይችላል። ስለዚህ የምትቆጥሩት በመርከቡ ሰዓት ይሁን። በሐበሻ አቆጣጠር ለሚሄዱ ወላጆች የመመለሻውን ሰዓት ለይታችሁ ጻፉላቸው፦ መርከቡ 19:30 ካለ ከምሽቱ 1:30 ነው። ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪስ ውስጥ መክተት ይበቃል፤ የመርከቡን ስምና የሚቆምበትንም ጨምሩበት።

ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት። መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ የራሱን የስልክ መስመር ይዘረጋል፤ ሳታውቁት ከያዘላችሁ ክፍያው ከባድ ነው። ከተማ ስትወርዱ መልሳችሁ ክፈቱት።

ምግብ። የክሩዙ ወቅት ከሁለት አጽዋማችን ጋር ይገጥማል፦ የሰኔ ጾም ጁላይ 12 ይፈታል፣ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ረቡዕና ዓርብም አለ። ለመስተንግዶ ኃላፊው «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለው» ብላችሁ በዋዜማው ራት ላይ ብትናገሩ ወጥ ቤቱ ለነገ ያዘጋጃል፤ «ቬጋን» የሚለውን ቃል ያውቁታል። ዓሣ የማይበላ ካለ ለብቻው ተናገሩ፤ አላስካ ውስጥ ሳልመን ሳይታዘዝ የሚመጣ ምግብ ነው። እስከ ሰዓት የሚጾም ሰው ቁርስ ቤት ሳይሰለፍ ወደ ጠዋቱ ባቡር መሄዱ ይመቸዋል። ሐላል የምትፈልጉ ግን ዋዜማውን አትጠብቁ፤ መርከቡ ከመነሳቱ ሳምንታት በፊት ጠይቁ።

ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ። ስካግዌይ እንደ ሌላዋ የአላስካ ወደብ እንደ ኬቺካን የዝናብ አገር አይደለችም፤ ስሟ በነፋስ ነው። ጃንጥላ አይጠቅምም፣ ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሻላል። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን አብሮት ይዞ ይውረድ፤ ከተማው ክሊኒክ እንጂ ሆስፒታል የለውም።

ስትወርዱ

መርከባችሁ የት እንደሚቆም በዋዜማው በሚሰጣችሁ የዕለት ፕሮግራም ላይ እዩ። ከአንዳንዱ ማቆሚያ ከተማው እግር ሥር ነው፤ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ካለው ረጅም ማቆሚያ ግን መንገዱ ለሽማግሌ ይበዛል። ትንሽ የሚያስከፍል የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ያዙት። በ2022 ከዚህ ማቆሚያ በላይ ካለው ገደል ድንጋይ እየተናደ ስላስቸገረ የመርከብ አቋቋሙ ሲቀያየር ቆይቷል፤ ስለዚህ ያለፈ ዓመት የሄደ ወዳጅ የነገራችሁን አትመኑ።

በባቡር የማትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ግቡ የምላችሁ በብሮድዌይ መጀመሪያ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው የፓርኩ እንግዳ መቀበያ ነው። ነጻ ነው፤ የፓርኩ ጠባቂዎች በወቅቱ ከተማውን በእግር የሚያስጎበኙበት ጉብኝትም ነጻ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ እንደወረዳችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ፊቱ በሙሉ ባሕር በተፋቸው ከ8,800 በላይ የእንጨት ስንጥሮች የተለበጠ ቤት አለ። የአርክቲክ ወንድማማቾች አዳራሽ ይባላል፤ ሁሉም ሰው ፊት ለፊቱ ፎቶ ይነሳል፤ ተነሱ።

ጉብኝቱ ላይ ስለ ወርቅ ፈላጊዎቹ ብዙ ትሰማላችሁ። ስለ አገሩ ነባር ሕዝብ፣ ስለ ትሊንጊቶቹም ጠይቁ። እነዚያን የተራራ መንገዶች ከማንም በፊት ለንግድ ይጠቀሙባቸው የነበሩት፣ ቺልኩት የተባለውን የተራራ መተላለፊያም ይቆጣጠሩ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ በወርቁ ዘመንም ለብዙው መንገደኛ ጭነቱን በጀርባቸው የተሸከሙለት እነሱ ናቸው። ጠባቂዎቹ ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ።

በእግር

ጉልበት ያለው ሰው ወደ ታችኛው ዱዊ ሐይቅ ይውጣ። መነሻው ከከተማው ምሥራቅ፣ ከሐዲዱ ማዶ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ የበዛ ጫካ ነው። ላብ ካጠመቃችሁ በኋላ ድንገት የረጋ ሐይቅ ታገኛላችሁ። በመንገዱ ወደ ኋላ ስትዞሩ ከተማውንና መርከባችሁን ከላይ ታያላችሁ። ደርሶ መልሱን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ስጡት።

ዳገት የማይፈልግ በከተማው ምዕራብ በኩል ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለውን የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ያኩታኒያ ፖይንት ይሂድ። ሜዳ ነው፣ ባሕር ዳር የሽርሽር ቦታ አለው፤ ከመርከቡ የመጣ ሰውም ጥቂት ነው። ከልጆች ጋር ስንቅ ይዞ ለመቀመጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሦስተኛው የወርቅ ዘመኑ መቃብር ነው፤ ከመሃል ከተማው ወደ ሰሜን ሁለት ማይል ገደማ። እዚያ ሶፒ ስሚዝ የሚባለው የከተማው ዋና አጭበርባሪና እሱን ለማስቆም የተኮሰው ፍራንክ ሪድ ተቀብረዋል። ጁላይ 8 ቀን 1898 ወደቡ ላይ ተታኮሱ፤ ስሚዝ ወዲያው ሞተ፣ ሪድ ከ12 ቀን በኋላ። ቱሪስቱ የሚጋፋው በሁለቱ ዙሪያ ነው። እኔ ግን የምመክራችሁ ሌሎቹን የእንጨት ሰሌዳዎች እንድታነቡ ነው፤ የብዙዎቹ ዓመት 1898 ነው፣ ዕድሜያቸውም ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ለወርቅ መጥተው ወርቁን ሳያዩ፣ ገና ተራራውን ሳይወጡ፣ በበሽታ የቀሩ ልጆች ናቸው። በስደት ለኖርን ሰዎች ይህ ቦታ የሚናገረው ነገር አለ፤ ልጆቻችሁም ለምን እንደቆማችሁ ይጠይቋችኋል፤ ንገሯቸው። ከመቃብሩ ጥቂት ደቂቃ ወደ ላይ ሲወጣ የሪድ ፏፏቴ ይገኛል።

በየትኛውም መንገድ ላይ ድብ ሊኖር ይችላል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ እያወራችሁ ሂዱ፣ ምግብ ጥላችሁ አትነሱ። እኛ ሐበሾች ተሰብስበን ስንሄድ ዝም ስለማንል ይህ አይከብደንም።

ግዢ

ብሮድዌይ ላይ የሚበዙት የጌጣጌጥ ሱቆች በሌሎች የክሩዝ ወደቦችም የምታገኟቸው ዓይነት ናቸው፤ ለእነሱ ሰዓት አታባክኑ። የአገሩን ሰው ሥራ ከፈለጋችሁ ዕቃው ላይ የብር እጅ የሚባለውን የእጅ ምልክት ፈልጉ፤ በአላስካ ነባር ሕዝብ እጅ ለተሠራ ሥራ ብቻ የሚሰጥ ነው። የድብ ምስል ያለበት ምልክት ደግሞ አላስካ ውስጥ የተሠራ ማለት ነው።

መመለስ

ከመጨረሻው የመግቢያ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደ ማቆሚያው አቅኑ። በራሱ የወጣን ሰው መርከቡ አይጠብቅም። ስካግዌይ ደግሞ እንደ ሌላ ከተማ ታክሲ ይዞ የሚደረስባት አይደለችም፤ ወደ አላስካ ዋና ከተማ ወደ ጁኖ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ ያለው ትንሽ አውሮፕላንና የመንግሥት ጀልባ ነው፣ እነሱም በየሰዓቱ አይገኙም።

ለክፉም ለደጉም ከመውረዳችሁ በፊት የዕለቱ ፕሮግራም ላይ ያለውን የወደብ ወኪሉን ስልክ ቁጥር ፎቶ አንሱት። መርከቡ ካመለጣችሁ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ከወረዳችሁ ወደሚቀጥለው ወደብ ቀድማችሁ የምትደርሱበትን መንገድ ሊያመቻችላችሁ ይችላል። ፓስፖርቱ ክፍል ውስጥ የቀረ እንደሆነ ደግሞ የመርከቡ ሠራተኞች ከካዝና አውጥተው ለወኪሉ መተው ስለሚችሉ የካዝናውን ነገር ወዲያው ንገሩት።